ከመቶ አርባ አራት ስልሳ

የገዛሁት ስክሪን ሣጥን ላይ መቶ አርባ አራት ይላል። መምህሬ ቤት ያለው ኮምፒውተር ደግሞ ስልሳ ይላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል እያልኩ ስሟገት ከረምኩ። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን እንደሚችል አልታየኝም።

ቁጥሩ ምን እንደሆነ አስቀድሜ ልናገር። ስክሪን ላይ የምናየው ነገር የቆመ ይመስላል እንጂ በየሰከንዱ እየታደሰ ይሣላል። በሰከንድ ስልሳ ጊዜ የሚሥል አለ፤ መቶ አርባ አራት ጊዜ የሚሥልም አለ። ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው ልዩነቱ ከቁም ነገር አይገባም። የሚሮጥ ነገር ለሚያይ ሰው ግን ብዙ ነው፤ በስልሳው ጠርዙ ይደበዝዛል፣ ጭራ ያወጣል፣ በመቶ አርባ አራቱ ጥርት ብሎ ያልፋል። እንዲህ ያለውን ስክሪን የሚገዙት ጌም የሚጫወቱ ወጣቶች ናቸው። እኔ የገዛሁት ሰማንያ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት ለቀራቸው ሰው ነበር።

እኔ ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ዱቄት ፋብሪካ ከረጢት እየሰፋሁ፣ ሃያ አራት ዓመቴ ላይ፣ ከሥራ መልስ ነበር ፊደል መቁጠር የጀመርኩት። ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ደብተሬ ላይ ስሕተት ሲያገኙ ቀይ መስመር አያሰምሩም፤ ከገጹ ግርጌ "አንድ አለ" ብለው ጽፈው ይመልሱልኛል። የት እንዳለ ስጠይቃቸው "እስክታገኚው ድረስ አልነግርሽም" ይላሉ። አንዲት ነጥብ ፍለጋ ሦስት ቀን ሄጄ አውቃለሁ። ያን ጊዜ አለቅስ ነበር፤ ዛሬ እንጀራዬ ሆኗል። አዳማ ውስጥ የሰው ጽሑፍ እተይባለሁ፣ አርማለሁ። ደንበኞቼ ክፉ ዓይን አላት ይሉኛል አሉ፤ ስሕተት አያመልጣትም ለማለት ነው።

የመምህሬ ዓይን መታመም የጀመረው ከመሃሉ ነው። ዳር ዳሩን ያያሉ፤ ትክ ብለው የሚያዩት ነገር ግን ይጠፋባቸዋል። ሰው ሲመጣ ጆሮውንና ትከሻውን ያያሉ፣ ፊቱን አያዩም። የቀኙ ዓይን ቀድሞ ሄደ። የግራው እየተከተለው እንደሆነ፣ መቼ እንደሚደርስበት ግን መናገር እንደማይችል ሐኪሙ ነገራቸው። እሳቸውም ወደ ቤት ሲመለሱ ለባለቤታቸው ያሉት ነገር ቢኖር "መጽሐፉን ቶሎ ማየት አለብኝ" ብቻ ነው።

መጽሐፉ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ያስተማሩበትን ዘመን የሚተርክ ነው፤ ቡልቡላ፣ ኩየራ፣ ወለንጪቲ፣ በመጨረሻም አዳማ። ዓይናቸው ደህና ሳለ በደብተር የጻፉትን እኔ ተይቤው መቶ ሰማንያ አራት ገጽ ሆነ። ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት የቀረው የደራሲው እርማት ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌ ላንብብላቸው ብዬ ለመንኳቸው።

"አይሆንም" አሉኝ። "ጆሮ ደግ ነው፤ የተሳሳተውንም አቃንቶ ይሰማል። ዓይን ነው ክፉው። እኔ የምፈልገው ክፉውን ነው።"

"መምህር፣ ሦስቴ አይቼዋለሁኮ።"

"አንቺ የኖርሽበት አይደለም። የኖርኩበት እኔ ነኝ።"



መንገዱ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ተከፍቷል። ከሥሩ የሚያልፈውን ትልልቅ ጽሑፍ መምህሬ ቀስ እያሉ ሲያነቡት ሰማሁ። ደነገጥኩ። ገጽ ማንበብ ያቃታቸው ሰው!

"እንዴት አዩት?"

"እኔ አላየሁትም፤ እሱ ነው ወደኔ የመጣው" አሉ። "ቀና ብዬ የግድግዳውን ጥግ ሳይ፣ ፊደሉ ዓይኔ ባልሞተበት በኩል ያልፋል።"

በማግስቱ የመጽሐፉን አንድ ምዕራፍ በጣት ቁመት ፊደል አድርጌ፣ በአንድ መስመር ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄድ አድርጌ አዘጋጀሁት። የቤታቸው ኮምፒውተር ላይ ሞከርነው። ቀስ ሲል ሐሳቡ ይበጣጠስባቸዋል። ፈጠን ስናደርገው ደግሞ ፊደሉ ጭራ ያወጣል። የእኛ ፊደል ደግሞ ለዚህ አይመችም፤ "በ"ን ከ"ቡ"፣ "ለ"ን ከ"ሉ" የምትለየው ከጎን የወጣች ትንሽ ቅጥያ ናት፣ ጭራው የሚውጠውም እሷኑ ነው። ሩብ ገጽ ሳይደርሱ ዓይናቸው እንባ አዘለ።

የመመረቂያ ጽሑፉን የምተይብለት አንድ ተማሪ ይህን ስነግረው ሳቀና "የጌም ስክሪን ነው የሚያስፈልግሽ" አለኝ። በዚህ ምክንያት ነው ገበያው አጠገብ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ወደሚሸጡበት ሱቅ ሄጄ ያንን ስክሪን ገዝቼ ለመምህሬ ያበረከትኩት።

ያመጣሁ ቀን ባለቤታቸው እማማ በሩን ከፈቱልኝ። አፍ የፈቱት በኦሮምኛ ነው፤ ሲደሰቱና ሲጨነቁ አማርኛው ይተዋቸዋል። ወንበሩን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርገው "ታኢ፣ ታኢ፣ ተቀመጪ" አሉኝ። ስክሪኑን ሳወጣ ዙሪያውን አዩት።

"ይሄ ዜና አያወራም?"

"አያወራም እማማ፤ ለንባብ ነው።"

"ይሻላል። የሚያወራ ሰው አለኝ።"

መምህሬ ከጓዳ በኩል "ሰምቻለሁ" አሉ።

ኮምፒውተሩ ከግድግዳውና ከመጽሐፍ መደርደሪያው መሃል ተሰንቅሮ የተቀመጠ ነው። እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ የአሮጌውን ስክሪን ገመድ ነቀልኩና አዲሱን በዚያው ቀዳዳ በዳበሳ ሰካሁት። ስክሪኑ በራ። ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ ቁጥሩ የሚመረጥበትን ዝርዝር ከፈትኩ። ዝርዝር ማለት ብዙ ነገር ያለበት ነው። እዚያ ግን የነበረው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ስልሳ።

መምህሬ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ።

"ደረሰ?"

"ስልሳ ላይ ቆሟል።"

"ከስንት?"

"ከመቶ አርባ አራት።"

"ከመቶ ቢሆን አሳልፈው ነበር" አሉ። "ከመቶ አርባ አራት ግን ወድቋል። ክፍል ይድገም።"

ሳቅን። በመጀመሪያው ቀን ሁላችንም እንስቅ ነበር።

እኔ በልማዴ ደብተር አወጣሁ። የሞከርኩትን በአንድ በኩል፣ ያገኘሁትን በሌላው በኩል እጽፋለሁ። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት፦ ስልሳ። ከስክሪኑ ሥር ያሉትን ቁልፎች እየተጫኑ የራሱን ማስተካከያ መክፈት፦ ስልሳ። ከሌላ ሱቅ አዲስ ገመድ ገዝቶ መቀየር፦ ስልሳ። በሁለተኛው ሳምንት የኮምፒውተሩን የሥዕል ፕሮግራም በስልኬ ኢንተርኔት ላድስ ተነሣሁ። ሁለት ጊዜ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። በሦስተኛው ጨረሰ፤ ስልሳ። ሌላ ገመድ፤ ስልሳ። ደብተሬ ስምንት ገጽ ሞላ። በጣም የተስተካከለ ደብተር ነበር።

በእያንዳንዱ ቀን "ደረሰ?" ይሉኛል። እኔም "ገና ነው" እላለሁ። መምህሬ ቀስ በቀስ ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ ማቅረብ ተዉ።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ እማማ እስከ በር ሸኙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ዜናውን ትቶታል" አሉኝ።

"የቱን ዜና?"

"ያ ከሥር የሚሮጠውን። ትናንት ከፈትኩለት፤ ዝጊው አለኝ። ማሎ ልጄ፣ ቶሎ በይ።"

"ማሎ" ልመና ነው። እማማ ሲለምኑ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። መንገዱን በእግሬ ሄድኩት። ነፋሱ አቧራውን ያነሣዋል፣ ፊቴን በሻርፕ ሸፍኜ እያሰላሁ እሄዳለሁ። ገመዱ አይደለም፣ ሁለቴ ቀይሬዋለሁ። ፕሮግራሙ አይደለም፣ አድሼዋለሁ። ኮምፒውተሩ አይደለም፤ እሱን ከመጣበት ቀን ጀምሮ የምይዘው እኔ ነኝ። የቀረው ስክሪኑ ነው። ስክሪኑ ከሆነ ደግሞ ሻጩ ነው። ይህን "ደግሞ" እንዴት በቀላሉ እንደተሻገርኩት እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ቅዳሜ ስክሪኑን በሣጥኑ አድርጌ ሱቁ ሄድኩ። ባለሱቁ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ሙስሊም ሰው ነው። ስገዛ "እህቴ" ብሎኝ፣ "ወንድሜ" ብዬው ነበር የተለያየነው። ሁለት ደንበኞች ኪቦርድ ያማርጣሉ።

"ምነው እህቴ፣ እንቢ አለ?"

"በርቷል። ስልሳ ላይ ነው የቆመው።"

"ገመዱን ቀይረሽ ሞከርሽ?"

"ሁለቴ።"

"እንግዲያው ከኮምፒውተሩ ነው።"

እኔ ስናደድ ድምፄ አይነሣም፤ አንቱ ማለት ነው የምጀምረው። "ኮምፒውተሩን እኔ አውቀዋለሁ" አልኩት። "እርስዎ የሌላ ስክሪን ሣጥን አልብሰው ነው የሸጡልኝ። ለማያዩ ሽማግሌ እንደሆነ እየነገርኩዎት ነው ያታለሉኝ።"

ዝግ ብሎ የተነገረ ነገር የበለጠ ይሰማል። አንደኛው ደንበኛ የያዘውን ኪቦርድ ቀስ ብሎ መለሰው፤ ተያዩና ወጡ።

ባለሱቁ ከኋላቸው አየ። ከዚያ እኔን አየ። "ወላሂ" ብሎ ጀመረና ተወው፤ መሐላ የማይሰማ ሰው ፊት መማል ያዋርዳል መሰለኝ። ሣጥኑን ከእጄ ተቀበለ፣ ስክሪኑን አወጣ፣ በራሴው ገመድ ጠረጴዛው ላይ ካለው ኮምፒውተር ጋር አገናኘ። ዝርዝሩን ከፈተው። አምስት ቁጥር ወረደ። የመጨረሻውን ተጫነ።

"ይኸው። መቶ አርባ አራት" አለ። "ማንበብ ትችያለሽ አይደል?"

ስለ እኔ ምንም አያውቅም። እስከ ሃያ አራት ዓመቴ ማንበብ እንደማልችል ሊያውቅ አይችልም። ቢሆንም ነገሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አረፈ። ስክሪኑን መልሼ ከተትኩና ወጣሁ። ይቅርታ ለማለት አፌን ብከፍት የሚወጣው ሌላ ነገር ይሆን ነበር።

ባጃጅ ውስጥ ሣጥኑን ታቅፌ ደብተሬን በልቤ ገለጥኩት። ስክሪኑ ደህና ነው። ገመዱ ደህና ነው። ስለዚህ ስሕተቱን አላየሁትም ማለት ነው፤ ያላየሁት ነገር ደግሞ በደብተሩ ውስጥ ሊኖር አይችልም። በስምንቱ ገጽ ውስጥ የሌለው ምንድነው? የኮምፒውተሩ ጀርባ። ሁልጊዜ በዳበሳ ሰካሁት እንጂ አንድም ቀን አላየሁትም።

እንደደረስኩ እማማን "መደርደሪያውን እንግፋው" አልኳቸው። ሁለት ሴቶች ሆነን መጽሐፍ የሞላ መደርደሪያ አንድ ክንድ ያህል ገፋን። ኮምፒውተሩን አዞርኩት።

የስክሪን ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ በሁለት ቦታ ነበር። እኔ በዳበሳ ስሰካ የኖርኩት ላይኛው ጋ ነው፤ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የተሠራው፣ ተራው። ታች ደግሞ ለብቻው የገባ የሥዕል ካርድ አለ፤ ያን ያህል ፍጥነት ማውጣት የሚችለው እሱ ነው። የካርዱ ቀዳዳዎች ሦስቱም በነጭ የቁስል ፕላስተር ታሽገዋል። ፕላስተሩ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ "አይነካም" ተብሎ ተጽፏል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

ከዓመታት በፊት ነው። ኮምፒውተሩ የልጃቸው ነበር፤ የሕንፃ ፕላን ይሠራበታል። ሥራ ወደ ሻሸመኔ ሲወስደው ለአባቱ ትቶላቸው ሄደ። ለእኔም "ካርዱ ውድ ነው፣ ከአቧራ ጠብቂልኝ" አለኝ። እዚህ አገር ዕቃ መውደድ ማለት ማልበስ ነው። ሪሞቱ በፌስታል ይታሠራል፣ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ይለብሳል፣ የሶፋው ፕላስቲክ ሳይላጥ ልጆች ተወልደው ያድጉበታል። አዳማ ላይ ደግሞ ነፋሱ አለ፤ ያልተደፈነ ቀዳዳ ሁሉ የአቧራ ነው። እኔም ከሌላው ሰው ይበልጥ ጠንቃቃ ነኝ። ደፈንኩት፣ ጻፍኩበት፣ ከግድግዳው አስጠጋሁት፣ ረሳሁት። ለመተየብ የትኛውም ቀዳዳ ያገለግል ስለነበር በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን አልጎደለብኝም።

ፕላስተሩን ላጥኩት፤ ሙጫው ደርቆ እየተፈረፈረ ነው የወጣው። የስክሪኑን ገመድ ታች ካርዱ ላይ ሰክቼ አበራሁት። ዝርዝሩ አምስት ቁጥር ሆኖ ወረደ።

መምህሬ ከወንበራቸው ሆነው ጸጥታውን ሰሙት። "ደረሰ?"

"ደረሰ።"

"ምኑ ኖሯል?"

ገመዱ ነው ብል ያምኑኛል። ማንም አያውቅም፤ እማማም የተጻፈውን አላነበቡትም። ግን እሳቸው ፊት ስሕተቱን ደብቄ ደብተር መልሼ አላውቅም። ነገርኳቸው። ሲያዳምጡ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር፤ እኔን በዳሩ ዓይናቸው ለማየት እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።

"አይነካም ብለሽ ጻፍሽበት?"

"አዎ።"

"አራት ነጥብ አድርገሽበታል?"

"አድርጌበታለሁ።"

"እንዲያ ከሆነ ጥሩ ነው" አሉ። አልሳቁም፤ እኔም አልሳቅሁም። "በይ አስጀምሪው።"

የቡልቡላውን ምዕራፍ ለቀቅኩት። ፊደሉ ከቀኝ ገብቶ፣ ጠርዙ እንደ ተቆረጠ ወረቀት ጥርት ብሎ ወደ ግራ ሄደ። መምህሬ ቀና ብለው የግድግዳውን ጥግ አዩ። መጀመሪያ ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ። ቆይተው ድምፅ ሆነ። ግማሽ ገጽ አነበቡ፣ ከዚያ አንድ ገጽ። እማማ በሩ ላይ ቆመው በሁለት እጃቸው አፋቸውን ይዘዋል።

"አቁሚ" አሉ መምህሬ በድንገት።

ደነገጥኩ። "ዓይንዎን አመመዎት?"

"ትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ክዳን ነበረው ይላል። ሣር ነበር። ቆርቆሮው የመጣው እኔ ከሄድኩ በኋላ ነው።"

ደብተራቸውን አወጣሁ። በራሳቸው እጅ ጽሕፈት "ሣር" ይላል። እኔ ትምህርት ቤት ሲባል ቆርቆሮ አስቤ ቆርቆሮ ተይቤያለሁ፣ ሦስቴ ሳርመውም ቆርቆሮ ትክክል መስሎኝ አልፌዋለሁ። አንቺ አልኖርሽበትም ያሉኝ ለካ ይህን ነበር።

ያን ቀን ስድስት ገጽ ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ባለሱቁ ሄድኩ። ፕላስተሩን በወረቀት ጠቅልዬ ይዤለታለሁ። ለምን እንደያዝኩት እንጃ፤ ማስረጃ ሳልይዝ መናገር አልወድም። ዘርግቼ አሳየሁትና ሁሉንም ነገርኩት። የጻፍኩበትን አነበበ። የሳቅ ነገር ከንፈሩ ላይ መጣና ተመለሰ።

"እኔ ትቼዋለሁ እህቴ። የሰደብሽኝ ግን ሰው ፊት ነው። ይቅርታውን ለብቻዬ ነው የምታመጪልኝ?"

እውነቱን ነው። የቅዳሜዎቹ ሰዎች የሉም፤ ከየት አመጣቸዋለሁ? ሱቁ ውስጥ የስልክ ቻርጀር የሚገዙ ሁለት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከጎን ያለው የልብስ ሰፊ በሩ ላይ ተቀምጧል።

"እነዚህ ይሁኑልህ?" አልኩት።

"ይሁኑ። ድምፅሽን ግን ከፍ አድርጊ።"

በሕይወቴ ገበያ መሃል ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ቅዳሜ ዕለት ይህን ሰው አታለልከኝ እንዳልኩት፣ እንዳላታለለኝ፣ ጥፋቱ የገዛ እጄ እንደሆነ ተናገርኩ። ሴቶቹ ግራ ገብቷቸው ተያዩ። ሽማግሌው "ጎበዝ!" አለ። ልብስ ሰፊው ከበሩ ሆኖ "አልተሰማም፣ ድገሚው" ብሎ ጮኸ። ባለሱቁ "አንተ ደሞ ዝም በል!" አለውና ወንበር ሰጠኝ። ፕላስተሩን መልሶ ጠቅልሎ እጄ ላይ ሲያኖርልኝ "ያንቺ ሽማግሌ አነበቡ?" ብሎ ጠየቀኝ። አነበቡ አልኩት። "አልሐምዱሊላህ" አለ፤ ከልቡ ነበር።

የመጀመሪያውን ሳምንት በየቀኑ ስድስት ስድስት ገጽ አነበቡ። ከአሥር የሚበልጥ ስሕተት አወጡ፤ ግማሹ የእኔ ነው። በሁለተኛው ሳምንት አራት ገጽ ሆነ። ከዚያ ሁለት። ፊደሉን አተለቅኩት፣ መስመሩን ከፍ ዝቅ አደረግሁት፣ ብርሃኑን ቀነስኩ። አንድ ቀን ግማሽ ገጽ ላይ ደርሰው "ወዲህ በኩልም አያልፍም" አሉ። ስክሪኑ መቶ አርባ አራቱን ይሠራል፤ ሁልጊዜ ጠዋት ስደርስ አረጋግጥ ነበር። የቆሙት ሰባ አንደኛው ገጽ ላይ ነው።

እኔ አስቀድሜ አስልቼዋለሁ። ስልሳው ላይ ያባከንኩት ሦስት ሳምንት ሃያ አንድ ቀን ነው፤ በቀን ስድስት ገጽ መቶ ሃያ ስድስት ይሆናል። መቶ ሃያ ስድስትና ሰባ አንድ ሲደመር መቶ ዘጠና ሰባት። መጽሐፉ መቶ ሰማንያ አራት ገጽ ነው። ይህን ስሌት ደብተሬ ላይ አልጻፍኩትም፤ ለማንም አልነገርኩም።

እሳቸው ግን የዕድሜ ልክ አስተማሪ ናቸው። ወንበራቸው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው እንዳሉ "አስልተሽዋል አይደል?" አሉኝ።

"አዎ።"

"እኔም።"

እማማ ምሳ ነው አሉ፤ ተነሥተን በላን።

የቀረውን እንዴት እናድርግ የሚለውን ያነሣሁት ከሳምንት በኋላ ነው። ላንብብልዎ ብዬ እንደገና አልለመንኳቸውም። ሰባ አንደኛው ገጽ ግርጌ ላይ አንድ መስመር ላስገባ ፈለግሁና ጠየቅኋቸው።

"ምን ይላል?"

"'ደራሲው በገዛ ዓይናቸው አይተው ያረሙት እስከዚህ ገጽ ነው' ይላል። አንባቢ ማወቅ አለበት። ቀጥሎም ለምን እንደሆነ እጽፋለሁ፤ ጥፋቱ የአራሚዋ መሆኑን።"

ብዙ ካሰቡ በኋላ "የመጀመሪያውን ጻፊ" አሉ። "ሁለተኛውን ተይው።"

"እውነት ነውኮ፣ መምህር።"

"እውነት ነው። መጽሐፉ ግን ስለ ቡልቡላና ስለ ወለንጪቲ ነው እንጂ ስለ አንቺ አይደለም። የራስሽን በራስሽ ጻፊ።"

አንዱን መስመር ብቻ ጻፍኩ። ከሰባ ሁለተኛው ገጽ ጀምሮ ያለውን ብቻዬን ሆኜ አየሁት፤ አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያ፣ አንዴ ደግሞ እያንዳንዱን ቃል ከደብተራቸው ጋር እያመሳከርኩ። አሥራ ዘጠኝ ስሕተት አገኘሁ። የወለንጪቲው ምዕራፍ ላይ ስለ አንድ የውኃ ጉድጓድ የተጻፈ አንቀጽ አለ፤ በደብተሩም በተየብኩትም አንድ ዓይነት ነው፣ እኔ እስከማየው ድረስ ምንም ጉድለት የለበትም፤ የኖረበት ሰው ቢያየው ምን ያገኝበት እንደነበር ግን አላውቅም። እዚያ አንቀጽ ላይ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ አለፍኩት።